በዘጌ ያቋረጥኩት ንግግር

ውድ ልጆቼ፤

ሰሞኑን በባሕር ዳር ስለ አፍሪካ የፀረ ቅኝ ግዛት ተጋድሎ ንግግር ካደረግሁ በኋላ አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ በዛሬዋ ጋና እንግሊዝን ስለታገለችው ሴት፣ ስለ ያ አሳንቴዋ፣ ይህን ያህል ከነገሩን፣ በጣና ዳር ጣሊያንን የታገለች ሴት አልነበረችም?» ስትል ጠየቀችኝ። «ነበረች» አልኩና ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ።

በ1974 ዓ.ም. ወጣት የታሪክ መምህር ሳለሁ፣ በጠላት ዘመን የውስጥ አርበኛ ነበሩ የተባሉ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ አንዲት እማሆይን ለማነጋገር ቴፕ ተሸክሜ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። ደጃፋቸው ላይ፣ ቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጌሾ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ ስለማያርስ ቡናውንና ጌሾውን ባሕር ዳር ገበያ አውጥቶ እህል ሸምቶ ይመለሳል፤ እማሆይም ከጣሊያን ጦር ሰፈር በስውር የሚወጣውን ጥይት በጤፍ ስልቻ ውስጥ ቀብረው ለአርበኞች ያሻግሩ ነበር። ጥይት ግን ይከብዳል፤ ታንኳው ከልክ በላይ ዝቅ ካለ ጠባቂው ይጠረጥራል። «ስለዚህ ታንኳዬን ፀሐይ አላሰጣትም ነበር» አሉኝ። ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ቄጠማ የሚሠራ ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባዶውንም ቢሆን ዝቅ ብሎ ይሄዳል። የእርሳቸው ታንኳ ሁልጊዜ እንደራሰች ስለነበረች ጠባቂው ዝቅ ማለቷን ለመደው፤ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ታንኳዋን እንኳ የማታሰጣ ሰነፍ ሴት ይሏቸው ነበር። ይህን ስም ለዓመታት ችለው ኖሩ።

እኔ ግን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ እማሆይ?» እያልኩ አቋርጣቸው ነበር። «እኔ እንጃ ልጄ» ሲሉኝ ደግሜ ጠየቅኋቸው። ጥይቱን ከጦር ሰፈሩ ስለሚያወጣላቸው ሰው መናገር ሲጀምሩ፣ እኔ የምጠብቀው የጦር ሜዳ ወሬ ስለነበረ፣ ባትሪው እንዳያልቅብኝ ቴፑን አጠፋሁት። ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ስመለስ አርፈው ነበር።

ክፍል ውስጥ ግን ያ አሳንቴዋ እ.ኤ.አ. በ1900 እንግሊዞች የአሳንቴን ሕዝብ ቅዱስ ዙፋን፣ የወርቅ በርጩማውን፣ አምጡ ሲሉ ጦር መርታ እንደተነሣች፣ በ1921ም በሲሼልስ በግዞት እንዳረፈች አስተምር ነበር። የሊቢያው አርበኛ፣ የቁርአን መምህሩ ኦማር ሙክታር ከ70 ዓመት በላይ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1931 በጣሊያኖች እንደተሰቀሉም አስተምሬአለሁ። ያኔ ሊቢያ ላይ የዘመተባቸው የጣሊያን ጄኔራል ግራዚያኒ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን፣ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስጨፈጨፈው ያው ሰው ነው። የዘጌዋ እማሆይና የሊቢያው ሽማግሌ አንድ ጠላት እንደነበራቸው ያስተዋልኩት ካረጀሁ በኋላ ነው።

አንብቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አረጋውያንን ስታነጋግሩ ግን ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ ዓመቱን ከመጻሕፍት ታገኙታላችሁ። እንዲህ ስል ግን የአድዋን 1888 ከማይጨው 1928 ጋር የሚያምታታ ተማሪ ዛሬም ያስቆጣኛል። ስልካችሁ ቀኑን ሙሉ መቅዳት ይችላል፤ እናንተ ግን ጊዜያችሁን አርበኛን በዘር ስትከፋፍሉ ታጠፋላችሁ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ ካሴቱ ቤቴ አለ፤ የዚያ ሰው ስም ግን የለበትም። የእማሆይ የልጅ ልጆች ዛሬም ዘጌ ይኖራሉ፤ ምናልባት ሰምተው ይሆናል። ጀልባው ጠዋት ይነሣል፤ ጉልበቴ ከፈቀደልኝ አብሬሽ እሄዳለሁ።