ለፍኖተ ሰላሙ ጸሐፊ፦ ምክትል ከመምረጣችሁ በፊት ወንበሩ ባዶ መሆኑን እዩ

ወንድሜ፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍኸውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የእህል ነጋዴዎች ማኅበራችሁ ፕሬዚዳንት አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ምክትላቸው ቦታውን ይዟል። አሁን «አዲሱን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ራሱ ይሰይም ወይስ ጉባኤው ይምረጥ? በአገር ደረጃስ እንዴት ነው የሚደረገው?» ብለህ ጠይቀሃል። የተሰጡህን መልሶች አየሁ። አንዱ «ደንባችሁን ተመልከቱ» ብሎ አልፏል፤ ሌላው «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ብሏል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ እኛን ያስለቀሰንን ነገር ግን አልነኩትም።

እኔ በዚሁ በጎጃም፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ የእንዲህ ዓይነት ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የናንተው ጉዳይ በእኛ ላይ ደርሶ ስለ ነበር በቁጥር ከፋፍዬ ልንገርህ።

1. መጀመሪያ የምክትሉ ወንበር በእርግጥ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። የሞኝ ምክር ይመስላል። ሰውየው ወደ ላይ ከወጣ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ምን ማረጋገጥ ያሻዋል? እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብሁት።

የእኛ ፕሬዚዳንት ያረፉት በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ጤፍ ከአውድማ ወደ ገበያ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። የቀብሩ ዕለት መደብሩ ሁሉ ተዘግቶ ዋለ። ሥራ አስፈጻሚው በሰባተኛው ቀን በማኅበሩ መጋዘን ተሰበሰበ። ወንበር ስላልበቃ ግማሾቻችን ኩንታል ላይ ተቀመጥን። ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። ምክትሉ ጨዋ ሰው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ «የጋሼ ወንበር ሳይቀዘቅዝ ፕሬዚዳንት አትበሉኝ፤ ለጊዜው ልጠብቅላቸው» አለ። ሁላችንንም ሆዳችንን አባባን። እኔም በዚያ በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ «ምክትል ፕሬዚዳንቱ በተጠባባቂ ፕሬዚዳንትነት ሥራውን እንዲመሩ ተወሰነ» ብዬ ጻፍሁ። በዚያው ገጽ፣ ከሦስት መስመር በታች ደግሞ «በተጓደለው የምክትል ፕሬዚዳንት ቦታ አቶ እገሌ ተመረጡ» የሚል አስከተልሁ። አሥራ አንድ ሰው ፈረመ። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች እርስ በርስ እንደሚጣሉ ያስተዋለ አንድም አልነበረም።

ባንኩም አላስተዋለም። «የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያጽድቀውና የፈራሚ ለውጡን እንሠራለን» ብሎ ሸኘን። ጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም፤ እዚያው ከተማ ነው የምኖረው። ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ቆመን ዋልን፤ በሦስተኛው ቀን ገባን። ኃላፊው ተቀመጡ አላለንም። ሻዩን እያማሰለ አነበበውና እርሳሱን አንሥቶ «ተጠባባቂ» የምትለውን ቃል ከበባት።

«ይህ ሰው አሁን ምንድን ነው?»

«ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» አልሁ።

«ተጠባባቂ ማለት ምክትል ሆኖ የሌላ ሰው ወንበር የሚጠብቅ ነው። እንግዲያው ምክትላችሁ በቦታው አለ። ሁለተኛውን ምክትል በማን ቦታ ነው የመረጣችሁት? በሟቹ?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮልን ሌላ ባለጉዳይ ጠራ። አብረውን የመጡት የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው እንደ ቆሙ ነበሩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሰውየው ልክ መሆኑ ነው። ስለ ባለጌነቱ አንድ ሌሊት ላወራልህ እችላለሁ፤ በነጥቡ ላይ የምለው የለኝም።

ከዚያ በኋላ በንዴት ብዙ አነበብሁ፤ የጠየቅኸኝ የአገር ደረጃ ነገርም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ናይጄሪያን ውሰድ። (የውጭ አገሮቹን ዓመትና ወር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግርህ።) ፕሬዚዳንት ያራዱዋ ታመው በቆዩበት ጊዜ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2010 ምክትላቸውን ጉድላክ ጆናታንን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። ለሦስት ወር ያህል ተጠባባቂ ሆነው ሲሠሩ አዲስ ምክትል አልተሰየመም፤ ምክትሉ ራሳቸው ነበሩና። ያራዱዋ ሜይ 5 አረፉ፤ ጆናታን በማግሥቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ቦታው በእርግጥ የተለቀቀው ያን ጊዜ ነው። የካዱና አገረ ገዢ የነበሩት ናማዲ ሳምቦ ተሰይመው፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች አጽድቀዋቸው ሜይ 19 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በሁለት ሳምንት አለቀ ማለት ነው። እኛ በአንድ ገጽ ላይ ልንጨርሰው የሞከርነውን እነርሱ በሁለት ደረጃ ሠሩት።

አሜሪካም ብትሆን በ1841 በዚሁ ነገር ተሟግታለች። ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ሥልጣን በያዙ በወራቸው ሲሞቱ ምክትላቸው ጆን ታይለር ፕሬዚዳንት ሆኑ ወይስ የፕሬዚዳንቱን ሥራ ብቻ ያዙ? ታይለር «ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ተብሎ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ሳይከፍቱ ይመልሱ ነበር። ያኔ ሳነብበው እንደ ትዕቢተኛ ቈጠርኋቸው። አሁን ሳስበው እንደ እርሳቸው ያለ ሰው መጋዘናችን ውስጥ ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

የእኛን አገርም አትርሳ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶ እንደሚሠራ ይደነግጋል። አቶ መለስ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 14 ቀን 2004 አረፉ፤ አቶ ኃይለማርያም ግን ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። አቶ ደመቀ መኮንን ወደ ምክትልነት የመጡትም በዚያው ሽግግር ነው። መካከል ላይ ያለውን አንድ ወር ልብ በለው።

የማኅበራችን የባንክ ሒሳብ የፈራሚ ለውጡ ስላልተሠራ ከጥር 3 እስከ የካቲት 11 ድረስ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። 38 ቀን፣ ያውም በግዢ ወቅት። ለሁለተኛ መጋዘን ቀብድ የሰጠነው 18,000 ብር ቀረ፤ ቀሪውን በቀኑ ስላልከፈልን ባለቤቱ ለሌላ አከራየው። አባላት በየግላቸው ተበድረው እህል ሰበሰቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ አፍሰን መልቀሚያውንም አጣን።

2. ማን ይሰይም? ወደ ዋናው ጥያቄህ መጣሁ። እኔ ያየኋቸው አገሮች መሰየሙንና ማጽደቁን ለሁለት እጅ ሰጥተዋል። በአሜሪካ እስከ 1967 ድረስ የምክትሉ ወንበር ባዶ ከሆነ እስከሚቀጥለው ምርጫ ባዶ ይቀር ነበር። ኬኔዲ ተገድለው ጆንሰን ሲተኩ አገሪቱ 14 ወር ያለ ምክትል ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ በሕገ መንግሥቱ 25ኛ ማሻሻያ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ይሰይማል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ ያጸድቃሉ። የናንተን ጉዳይ በትክክል የሚመስለው የ1974ቱ ነው፦ ኒክሰን ለቀቁ፣ ፎርድ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ፎርድ ኔልሰን ሮክፌለርን ሰየሙ። ስሙ በኦገስት ቀርቦ እስከ ዲሴምበር 19 ድረስ አልጸደቀም። ሀብታቸውን፣ ለረዳቶቻቸው የሰጡትን ስጦታና ብድር ሁሉ እያገላበጡ መረመሯቸው። በታችኛው ምክር ቤት 287 ደግፈው 128 ተቃወሙ። ፎርድ ራሳቸውም በዚሁ መንገድ ነበር ምክትል የሆኑት፤ ስለዚህ አገሪቱ ሕዝብ ለቦታው ድምፅ ባልሰጣቸው ፕሬዚዳንትና ምክትል ተመራች። አራት ወር መመርመራቸው አይገርምም።

ታንዛኒያ ፈጣን ናት። ፕሬዚዳንት ማጉፉሊ በማርች 2021 ሲያርፉ ምክትላቸው ሳሚያ ሱሉሁ ተኳቸው። ሕጉ ከፓርቲያቸው ጋር ተመካክረው ስም ለምክር ቤት እንዲያቀርቡ ያዛል። የገንዘብ ሚኒስትሩን ፊሊፕ ምፓንጎን አቀረቡ፤ 363ቱም ድምፅ ደገፋቸው፤ በማግሥቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሌላም ሕግ አላቸው፦ ፕሬዚዳንቱ ከዛንዚባር ከሆነ ምክትሉ ከዋናው ምድር፣ ከዋናው ምድር ከሆነም ከዛንዚባር መሆን አለበት። ሳሚያ የዛንዚባር ሰው ናቸውና ምፓንጎ ከዋናው ምድር መጡ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥፋታችን ይመጣል። «አቶ እገሌ» ያልሁህ ሰው የአዲሱ ፕሬዚዳንት አበልጅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ስሙን ጠራ፤ ሐዘን ላይ ስለ ነበርን የተቃወመ አልነበረም፤ እኔ ጻፍሁ። መሰየሙም ማጽደቁም በአንድ ትንፋሽ ሆነ። በከተማችን ገበያ ደግሞ ጤፍ ነጋዴው ከላይ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ በቆሎ ነጋዴው ከታች በመናኸሪያው በኩል ነው። ሟቹ የላይ፣ ምክትላቸው የታች ሰው ነበሩ። በማኅበሩ ደንብ ላይ ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሚዛን ነበር። የታቹ ወደ ላይ ሲወጣ ምክትሉ ከጤፍ ነጋዴው መምጣት ነበረበት። እኛ ሁለት የበቆሎ ነጋዴዎችን፣ ያውም አበልጃሞችን፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብናቸው። በሳምንቱ የላይ ገበያው ሰው መዋጮ መክፈል አቆመ። ማንም አልተናገረም፤ ደረሰኝ ይዞ ሲዞር የዋለው ልጅ ግን ባዶውን ተመለሰ።

3. ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ ልልህ ነበር። በጋና በ2012 ፕሬዚዳንት አታ ሚልስ ሲያርፉ ምክትላቸው ማሃማ ተክተው የማዕከላዊ ባንኩን ገዢ አሚሳ አርተርን ነበር ምክትል ያደረጉት፤ የታንዛኒያው ምፓንጎም የገንዘብ ሰው ነበሩ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኛ ይህን አንብበን አይደለም ያደረግነው። ተገደን ነው።

በየካቲት ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን። 47 ሰው ተገኘ። አበልጁ ራሱ ተነሥቶ «እኔን ተዉኝ፤ በእኔ ምክንያት ማኅበሩ አይፈርስም» ብሎ ለቀቀ። ይህን መመስከር አለብኝ፤ ከኔ ይልቅ እርሱ ሰው ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ሲያገኘኝ እጁን በግማሽ ነው የሚሰጠኝ፤ አልፈርድበትም። ፕሬዚዳንቱ ከላይ ገበያ ሦስት ስም እንዲያመጣ ተወሰነ፤ ይህን ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበታለሁም። ከሦስቱ አንዷ ከቢቸና በኩል ነጭ ጤፍ የምታስመጣ ሴት ነበረች። ከኋላ «ደግሞ ሴት?» ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬ ከእርሷ ብድር ይጠይቃል። እርሷ የምርጫ ንግግር አላደረገችም። ተነሥታ «የባንኩ ፈራሚዎች ማን ማን ናቸው? ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ወይም ቢታመም ማን ይፈርማል?» ብላ ጠየቀች። በዚያ ሁሉ ወር ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። 41 ለ 6 ተመረጠች።

4. ቃለ ጉባኤውን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፈው። የፕሬዚዳንቱን ሞትና ቦታው የተለቀቀበትን ቀን፤ በደንባችሁ በየትኛው አንቀጽ ምክትሉ ፕሬዚዳንት እንደ ሆነ። «ሆነዋል» በል፤ «እየሠሩ ይቆያሉ» አትበል። ከዚያ «ከዚሁ ቀን ጀምሮ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ቦታ ክፍት ሆኗል» የምትል አንድ መስመር ለብቻዋ። ከዚያ ማን ማንን እንደ ሰየመ፣ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ። አዲሱ ምክትል የሚያገለግለው የቀረውን ዘመን ብቻ ነው ወይስ አዲስ ዘመን ነው? እሱንም ጻፍ፤ እኛ ስላልጻፍን በሁለተኛው ዓመት ሌላ ጭቅጭቅ ገጠመን፤ እሱን ሌላ ቀን። መጨረሻ ላይ ፈራሚዎቹን። ደንባችሁ ስለ መተካካት ምንም ካላለ መጀመሪያ ደንቡን በጉባኤ አሻሽሉ እንጂ በሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ አትሸፍኑት።

የአርባው ተዝካር ሳይወጣ ምርጫ ማድረግ ነውር ይሆን ወይ ብለህ ጽፈሃል። አይደለም። ሟቹን የሚያሳፍረው የማኅበራቸው ገንዘብ ተቆልፎ መክረሙ ነው። ባልቴታቸው ራሳቸው በጥር መጨረሻ «የእርሱ ስም ባንክ ላይ እስከ መቼ ይቆያል?» ብለው ልጃቸውን ልከውብኛል።

የእኛን የሁለተኛውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ አስቀምጫለሁ፤ ያ ሰውዬ በመጨረሻ ያለ አንድ ቃል ማኅተም የመታበትን። ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ስሞቹን ሸፍኜ ፎቶውን እልክልሃለሁ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄዱ ግን ሽማግሌ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ወንበር የለም።