የአባቴንና የአክስቴን ላፕቶፕ ወደ ሊኑክስ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ጡረታ የወጡት አባቴ የእድራችን ጸሐፊ በመሆናቸው የአባላቱን መዝገብና ቃለ ጉባኤውን ከ10 ዓመት በላይ ባገለገለ ላፕቶፕ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ስድስት ኪሎ የሚኖሩት አክስቴም ተመሳሳይ ላፕቶፕ አላቸው፤ የሚጠቀሙበት ግን ውጭ አገር ካሉት ልጆቻቸው ጋር በቴሌግራም ለመገናኘትና ዩቲዩብ ለማየት ብቻ ነው። ሁለቱም ላፕቶፖች ዊንዶውስ 10 ያላቸው ሲሆኑ እጅግ ተንቀራፈዋል፤ በፍላሽ የሚገባ ቫይረስም አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም ተብያለሁ። በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ብጭንባቸው ይሻላል?

መልስ፦ ለአክስትዎ አዎን፤ ለአባትዎ ግን ገና ነው።

የተነገረዎት ትክክል ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፣ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው አይቀበልም።

ለአክስትዎ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት፣ በተለይም ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ እትም ነው። በ4 ጊጋባይት ራም በደንብ ይሠራል፤ ማውጫው እንደ ዊንዶውስ ከታች በግራ በኩል ስለሚገኝም ዓይናቸው ቶሎ ይለምደዋል። ለዊንዶውስ የተጻፈ የፍላሽ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ በራሱ አይነሣም፤ ፍላሹ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ሊሻገር እንደሚችል ግን አይዘንጉ። ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የተባለው የጉግል ሥርዓተ ክወናም ቀላል ነው፤ ሆኖም አብዛኛው አገልግሎቱ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ መስመር ለሚቆራረጥበት ቤት አልመርጠውም። ሚንትን በፍላሽ ጭነው ላፕቶፑን ከፍላሹ ካስነሡት፣ ዲስኩን ሳይነኩ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን አክስትዎ ራሳቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። ከወደዱት በኋላ ፎቶዎቻቸውን በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው ይጫኑላቸው።

የአባትዎ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። የግዕዝ ፊደላት ከ200 በላይ በመሆናቸው፣ የቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን ለላቲን ሆሄያት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ፣ አንዱን ፎንትም በበርካታ ፋይሎች ይከፋፍሉ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ያገኘው ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ነው። ስለዚህ በቀድሞው አሠራር የተጻፈ መዝገብ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ሆሄያትና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይታያል። አባትዎ ለዓመታት የለቀሙት የአባላት ስም በአንድ ቀን የማይነበብ ሆኖ ቢያገኙት፣ ኮምፒዩተሩ ስለፈጠነ አይጽናኑም። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ በሊኑክስ ላይ ኪማን በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም አማርኛ መጻፍ ቢቻልም የቁልፎቹ አጠቃቀም እጃቸው ከለመደው ሊለይ ይችላል፣ ይህም በዚህ ዕድሜ ትንሽ ነገር አይደለም። (በፒችትሪ ሒሳብ የሚይዝ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎችም ያው ነው፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ አትቸኩሉ።)

በመጀመሪያ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ፓወር ግዕዝን ጨምሮ፣ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) አስገልብጠው ይተኩላቸው፤ የዝግታው ትልቁ ምክንያት ብዙውን ጊዜ አሮጌው ዲስክ ነው። ቀጥሎም ፓወር ግዕዝ ባለበት በዚያው ላፕቶፕ ላይ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ በየትኛውም ኮምፒዩተር፣ በሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤትም ጭምር፣ እንደተጻፈ ይነበባል። በየወሩ የሚታረመውን የአባላት መዝገብ ግን ከአባትዎ ጋር ተቀምጣችሁ በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። እስኪያልቅ ድረስ ላፕቶፑ ከኢንተርኔት ተለያይቶ ለእድሩ ሥራ ብቻ ይዋል፤ ፍላሹም ከሌላ ሰው ጋር የማይጋሩት ይሁን። አዲሱን መዝገብ አባትዎ በሊኑክስ ላይ ራሳቸው ከፍተው፣ አንድ ስም አርመው፣ በሚጠቀሙበት ፕሪንተር ካተሙ በኋላ ይቀይሩት ወይስ ይቅር የሚለውን እርሳቸው ይወስኑ።