መልስ፦ ባለ 650 ክሩዘር ለደብረ ብርሃን ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን እየኖርኩ ባለ 650 ክሩዘር ብገዛ ይቆጨኛል ወይ?» ብለሃል። ክሩዘር ማለት ዝቅ ያለ፣ ለአስፋልት ጉዞ የተሠራ ሞተር ሳይክል ነው፤ 650 የሞተሩ መጠን በሲሲ ነው። መንገድህ አስፋልት ከሆነ አይቆጭህም። እኔ የምነዳው ያማሃ ቪ ስታር 650 ነው፣ በጣም እወደዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ካቴና የሌለው መሆኑን ነው። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በዘንግ ስለሆነ፣ በክረምት ጭቃ በበጋ አቧራ የበላውን ካቴና ማጠብ፣ ግራሶ መቀባት፣ ማጥበቅ የሚባል ጣጣ የለብህም። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይረግጣሉ። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ሲሸፍነው ይሄ ምን ያህል እንደሚያረጋጋ ታየዋለህ። ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ግን ማርሽ ቀንስ። ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ይግልና መያዝ ያቅተዋል።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው በካርቡሬተር ነው፣ ይሄ ደግሞ ለከፍታ በራሱ አያስተካክልም። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ውስጥ ስትገባ ሌላ ሞተር ሳይክል የያዝክ ነው የሚመስልህ። ጠዋት ጠዋት በዚያ ብርድ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን የሚያበዛውን ማንሻ) ስበህ ትንሽ ካላሞቅከው ደግሞ ይጠፋብሃል። ይሄ ይለመዳል።

የመንዝ ኮሮኮንች ግን አይለመድም። ከ220 ኪሎ በላይ ይከብዳል፣ ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው፣ ድንጋይ ይመታዋል። መንዝ ውስጥ ወዳለችው መሃል ሜዳ ከተማ በኮሮኮንች የምትመላለስ ከሆነ ከፍ ያለና ቀላል ሞተር ሳይክል ፈልግ።