«ያንቺ ለአስቤዛ፣ የኔ ለቁም ነገር» ለተባለችው እህት

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽ ረዘም ያለ ስለሆነ ሌሎችም እንዲረዱት ላሳጥረው። አዲስ አበባ ነው የምትኖሩት፣ ከተጋባችሁ ቆይታችኋል፣ ሁለት ልጆች አሏችሁ። አንቺ ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተሽ ትሸጫለሽ፣ እሱ ደሞዝተኛ ነው፣ ስንት እንደሚያገኝ ግን አንድ ቀን ነግሮሽ አያውቅም። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የልጆቹ ሰርቪስ ሁሉ ካንቺ ነው፣ ሲያጥርሽ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ታመጫለሽ። አሁን ደግሞ ዕቁብ ወጣለትና 120 ሺህ ብሩን ሳያማክርሽ ለወንድሙ ባጃጅ መግዣ አበደረው፣ ለእናቱም በየወሩ ይልካል። «እኔ ያወጣሁት ተበልቶ አለቀ፣ ነገ ብንለያይ ባዶ እጄን ነው የምቀረው?» ነው ያልሽኝ።

አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 62 ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል፣ የተለየ የጋብቻ ውል ካልፈረማችሁ በስተቀር የሱ ደሞዝም ያንቺ የበርበሬ ትርፍም አንድ ላይ ነው የሚታየው። ባጠራቀመው መኪና ገዝቶ ሊብሬውን በስሙ ብቻ ቢያወጣ እንኳን አንቀጽ 63 የጋራ ነው ብሎ ይነሳል፣ የግሌ ነው የሚል ከሆነ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

ደሞዙን በራሱ አካውንት መቀበል ይችላል፣ እሱ ላይ ችግር የለም፣ ግን አንቺ ከጠየቅሽው ስንት እንደሚያገኝ የማሳወቅ ግዴታ አለበት (አንቀጽ 64)፣ አንቺም እንደዛው። ወጪውን በተመለከተ ደግሞ አስቤዛ የሚስት ነው የሚል ሕግ የለም፣ አንቀጽ 72 ሁለታችሁም እንደ አቅማችሁ አዋጡ ነው የሚለው፣ ብዙ የሚያገኘው ብዙ ያወጣል ማለት ነው። የሱቁ ዱቤም ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ለቤተሰቡ ኑሮ የተገባ ዕዳ ስለሆነ ባለሱቁ ከፈለገ ባልሽንም መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ 120 ሺው እንምጣ፣ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። በአንቀጽ 68 መሰረት ከ500 ብር በላይ ለማበደር የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ያላንቺ ፈቃድ የተሰጠውን ብድር ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችያለሽ፣ ግን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መሆን አለበት፣ ባታውቂም ብድሩ ከተሰጠ 2 ዓመት ካለፈው አይቻልም። ደብዳቤሽ ላይ የሰማሁት ለመስቀል ነው ብለሻል፣ ስለዚህ ቀኑን ቁጠሪ።

እንደኔ ግን ከክሱ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። እጅ በእጅ ነው የሰጠው፣ የተጻፈ ነገር የለም ብለሻል አይደል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፣ ካልሆነ ተበዳሪው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይ ሲምል ነው። ወንድምየው ነገ «ስጦታ ነው» ቢል አስር ሰው ምስክር ብትደረድሩ አይጠቅማችሁም። ስለዚህ አሁን ፍቅር እያለ የብድር ውል ይፈርም፣ አበዳሪ ተብሎ ያንቺም የባልሽም ስም ይግባ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ባጃጁ ሥራ ስለጀመረ በየወሩ ስንት እንደሚመልስም ይጻፍ።

ለእናቱ የሚልከው ላይ ግን እባክሽ አትጣይ። እናትየው ሠርተው ማደር የማይችሉና የተቸገሩ ከሆነ መጦር የሕግ ግዴታ ነው፣ በጋብቻ ስለተዛመድሽ አንቺም ላይ አለ፣ እሱም ላንቺ እናት እንደዛው። ልትጠይቂው የሚገባሽ ስንት እንደሚልክና ከቤቱ አቅም ጋር ይሄዳል ወይ የሚለውን ነው።

እስከዛው ያወጣሽውን በደብተር ያዢ፣ የቴሌብር መልእክቶችን አታጥፊ፣ የዕቁቡ ጸሐፊ ጋር ያለው መዝገብ ላይ መቼ ስንት እንደወጣለት ጠይቀሽ ፎቶ አንሺው። ብዙ ሴቶች እኔ ጋ የሚመጡት ፍቺ ደጅ ላይ ሲደርስ ነው፣ ያኔ ገንዘቡ የት እንደሄደ ፈልጎ ማግኘት በጣም ይከብዳል፣ አንቺ ግን በጊዜ ስለጠየቅሽ በእውነት ደስ ብሎኛል።

ከዛ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ባለበት ማን ምን እንደሚያወጣ ተስማሙ። ውል አድርጋችሁ ከጻፋችሁት ግን ቤት ውስጥ ተፈራርማችሁ እንዳታስቀምጡት፣ በአንቀጽ 73 መሰረት በትዳር ውስጥ የተደረገ የባልና ሚስት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ይዛችሁ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ሂዱ።