ጥያቄና መልስ፦ ብዙ ሎግ ፋይሎችን በአንድ ስክሪፕት መከታተል

ሎግ ጠባቂ፦ ርዕሱ እየተጻፈባቸው ያሉ ብዙ ሎግ ፋይሎችን (ፕሮግራሞች የሚሠሩትን በየመስመሩ የሚመዘግቡባቸውን ፋይሎች) በአንድ ስክሪፕት መከታተል ነው። በፐርል ጻፉት በፓይተን ችግሮቹ አንድ ናቸው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር አትርሱ፦ የምትሠሩበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የፋይሎቹ ብዛት፣ ፋይሎቹ እንዴት ሮቴት እንደሚደረጉ፣ ማለትም የቆየው ሎግ ተቀምጦ በባዶ ፋይል እንደሚጀመር። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የአብዛኛው ጥያቄ መልስ ግን እዚያ ነው ያለው።

ጀማሪው፦ ስክሪፕቴ አይሠራም። ምን ላድርግ?

ሎግ ጠባቂ፦ ሦስቱን ይዘህ ና።

ፐርለኛው፦ ሊኑክስ፣ 40 ፋይል፣ ሮቴት የሚያደርገው ሎግሮቴት የሚባለው ፕሮግራም በየቀኑ። የምጠቀመው የፐርሉን ፋይል ቴይል ሞጁል ነው። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንዳንዱ መስመር ከተጻፈ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው የሚደርሰኝ። ደግሞ አንዱ ፋይል ጸጥ ካለ ሌሎቹም አብረው ይቆማሉ።

ሎግ ጠባቂ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሞጁሉ ፋይሉን በየሰከንዱ አያየውም። በምን ፍጥነት እያደገ እንደሆነ ይገምትና በዚያው ልክ ይተኛል። የመነሻው እንቅልፍ 10 ሰከንድ፣ ጣሪያው 60 ሰከንድ ነው። ጸጥ ያለ ፋይል ላይ ወደ ጣሪያው ይጠጋል፤ ያንተ አንድ ደቂቃ ከዚያ የመጣች ናት። ፋይሉን ስትከፍት ኢንተርቫልን 1፣ ማክስ ኢንተርቫልን 2 ወይም 3 አድርግለት።

ሁለተኛው ደግሞ በየፋይሉ ተራ በተራ ሪድ እያልክ ስለሆነ ነው። ሪድ አዲስ መስመር እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ፋይል ካልተጻፈበት የቀሩት 39ኙ ወረፋ ይይዛሉ። ሞጁሉ ሴሌክት የሚባል የራሱ ፈንክሽን አለው። ሁሉንም ፋይሎች ከጊዜ ገደብ ጋር ትሰጠዋለህ፣ መስመር የደረሰባቸውን ብቻ ለይቶ ይመልስልሃል። ከእያንዳንዳቸው አንድ መስመር አንብብና እንደገና ሴሌክትን ጥራ። አንዱን ፋይል ጨርሼ ወደ ሌላው ልሂድ ካልክ፣ ብዙ የሚጻፍበት ፋይል ሌሎቹን ያስርባቸዋል።

ጠርጣሪው፦ የሞጁሉ ሴሌክት ለምን አስፈለገ? ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ራሱ ብዙ ነገር በአንዴ የሚጠብቁ ሴሌክትም ኢፖልም የሚባሉ ጥሪዎች አሉት አይደል?

ሎግ ጠባቂ፦ እነሱ ለሶኬትና ለፓይፕ፣ ማለትም በኔትወርክና በፕሮግራሞች መካከል ለሚተላለፍ መረጃ ናቸው። ተራ ፋይል ላይ የከርነሉ ሴሌክት ሁልጊዜ «ለንባብ ዝግጁ ነው» ይላል፤ የፋይሉ መጨረሻ ላይ ደርሰህም ያንኑ ይላል። ሉፕህ ሳያርፍ እየዞረ ሲፒዩውን ይበላዋል። ኢፖል ደግሞ ተራ ፋይልን ጭራሽ አይቀበልም፤ «አይፈቀድም» የሚል ስህተት ይመልሳል። ሰዎች ይህን የፈቃድ ጉዳይ አድርገው ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነው ይሞክሩታል። ሩት ሆኑም አልሆኑ ለውጥ የለውም። የሞጁሉ ሴሌክት ከከርነሉ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ውስጡ የፋይሉን መጠን በየጊዜው እያየ ነው የሚሠራው።

ተረኛዋ፦ ሊኑክስ፣ ፓይተን፣ 12 ፋይል። ሎግሮቴት የአሮጌውን ስም ቀይሮ አዲስ ይፈጥራል። ስክሪፕቴ ቀን ሲሠራ ይውልና እኩለ ሌሊት ላይ ዝም ይላል። ስህተት አይጽፍም፣ አይዘጋም። ሪስታርት ሳደርገው ይነሳል።

ሎግ ጠባቂ፦ እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሌሎቻችሁም ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የፋይል ስም ፋይል አይደለም። ከርነሉ ፋይልን የሚያውቀው በአይኖድ ቁጥሩ፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ በሰጠው መለያ ነው። ስሙ በር ላይ እንደተለጠፈ የቤት ቁጥር ነው፤ ነቅለው ሌላ በር ላይ ሊለጥፉት ይችላሉ። ስክሪፕትሽ ፋይሉን ሲከፍት የያዘው አይኖዱን ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ሎግሮቴት የአሮጌውን ስም መጨረሻው ላይ 1 ጨምሮ ይለውጠዋል፣ በቀድሞው ስም አዲስ ፋይል ይፈጥራል። ስክሪፕትሽ አሮጌውን እንደያዘ መጨረሻው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከእንግዲህ የሚጽፍ የለም። ከርነሉ ዘንድ የተበላሸ ነገር ስለሌለ የስህተት መልእክትም አይመጣም።

በየሰከንዱ ሁለት ነገር አወዳድሪ፦ በእጅሽ ያለውን ክፍት ፋይል በኤፍስታት፣ ስሙን በስታት (ሁለቱም የፋይሉን መረጃ የሚመልሱ ጥሪዎች ናቸው)። የዲቫይስ (ፋይሉ ያለበት የዲስክ ክፍል) እና የአይኖድ ቁጥራቸው ከተለያየ ፋይሉ ተቀይሯል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌውን ወዲያው ዘግቶ ወደ አዲሱ ይሮጣል። አታድርጊው። ስሙ ከተቀየረ በኋላም የሚጽፈው ፕሮግራም ምልክት ደርሶት ፋይሉን ዳግም እስኪከፍት ድረስ አሮጌው ላይ መጻፉን ይቀጥላል። አሮጌውን እስከ መጨረሻው አንብቢ፣ ጥቂት ሰከንድ ታገሺ፣ ደግመሽ አንብቢ፣ ከዚያ ዝጊው። አዲሱን ከዜሮ ጀምሪ። ከመጨረሻው የሚጀምር ስክሪፕት በየሌሊቱ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ይጥላል፤ ሰርቪሱ ሲነሳ የሚጽፋቸው ስህተቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ እነሱ ውስጥ ናቸው። በመሃል ስሙ ለቅጽበት ጠፍቶ «ፋይሉ የለም» ሊልሽ ይችላል፤ ስህተቱን ያዢውና ቆየት ብለሽ ሞክሪ።

የአይኖድ ቁጥር መዝግቦ ፋይሉን መዝጋትም አያዋጣም። ኢኤክስቲ 4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ የተሰረዘ ፋይል ቁጥር ብዙ ሳይቆይ ለአዲስ ፋይል ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ አዲሱን «ያው አሮጌው ነው» ብለሽ ካቆምሽበት ባይት ትቀጥያለሽ። ፋይሉ ክፍት እስካለ ድረስ ግን ከርነሉ ያንን ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ በሩጫ ላይ ሳለሽ ክፍት አድርገሽ ያዢው።

በትእዛዝ መስመር ብቻ ለምታዩ ሰዎች፦ የፋይልን መጨረሻ የሚያሳየው ቴይል የሚባለው ትእዛዝ ከትንሹ ኤፍ ጋር የከፈተውን ፋይል ይከተላል፣ ከትልቁ ኤፍ ጋር ስሙን ይከተላል። ሮቴት በሚደረግ ፋይል ላይ ትልቁን ተጠቀሙ።

ፈጣኑ፦ በየሰከንዱ መጠየቅ ምን ይሉታል? ኢኖቲፋይ ከ2005 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ። ለውጥ ሲኖር ራሱ ይናገራል።

ጠርጣሪው፦ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋራ ፋይል ሲስተም) ላይ ሞክረኸዋል? ሌላ ማሽን የጻፈውን አይሰማም።

ፈጣኑ፦ ሎጉን ኤንኤፍኤስ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው መጀመሪያ እሱን ያስተካክል።

ጠርጣሪው፦ ሎጉ የት እንደሚቀመጥ የምወስነው እኔ አይደለሁም።

ፈጣኑ፦ ታዲያ ለአንተ ሲባል ሁላችንም በየሰከንዱ እንዙር?

ሎግ ጠባቂ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ኢኖቲፋይ ጥሩ ነው፤ ቴይል ራሱ ሊኑክስ ላይ ይጠቀምበታል። ግን «ሂድና እይ» የሚል ቀስቃሽ ብቻ አድርጋችሁ ያዙት፤ ምን እንደተለወጠ መጠኑንና አይኖዱን አይታችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። የክስተቶቹ ወረፋ ሲሞላ የተረፈውን ይጥለዋል፤ የተለመደው ጣሪያ 16384 ነው። የሚጠበቁ ፋይሎች ብዛት ጣሪያውን ሲነካ የሚመጣው ስህተት ደግሞ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ይላል። ሰው ዲስክ ሲያጸዳ ያድራል፤ ማየት የነበረበት ግን ማክስ ዩዘር ዎችስ የተባለውን የከርነል ቁጥር ነው። ሌላው፣ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ያለበትን ፎልደር ጠብቁ። ፋይሉን ብቻ ከጠበቃችሁ ክትትሉ ከአይኖዱ ጋር ይሄድና የተረኛዋ ችግር ይመለሳል። እኔ ሁለቱንም ነው የማደርገው፤ ለፍጥነት ኢኖቲፋይ፣ ለማረጋገጫ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ዙር ስታት። ለ40 ፋይል ሰርቨሩ አይሰማውም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእኔ ስክሪፕት ሌሊት ላይ ማንበብ ያቆማል፣ ጠዋት ሪስታርት ሳደርገው ይሠራል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ሎግ ጠባቂ፦ ለተረኛዋ የመለስኩትን አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ አንብቤዋለሁ። የእኔ ግን ይለያል፣ እሁድ ሌሊት ብቻ ነው የሚያቆመው።

ሎግ ጠባቂ፦ ሮቴት የሚደረገው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ነው። ምንም አይለይም። የፋይል ስም ፋይል አይደለም፤ ተመልሰህ አንብበው።

ማንቂያ ላኪ፦ ሊኑክስ፣ 3 ፋይል፣ ሮቴት የለም። ስክሪፕቴ «አልተሳካም» የሚል ቃል ሲያገኝ ማንቂያ ይልካል። አንዳንዴ ቃሉ ሎጉ ላይ እያለ ማንቂያው አይመጣም። የማነበው በፓይተን ሪድላይን ነው።

ሎግ ጠባቂ፦ አንድ መስመር በሁለት ጊዜ ሊጻፍ ይችላል። መጀመሪያ «ክፍያው አልተሳ» ወረደ እንበል። ስክሪፕትህ በዚያች ቅጽበት አነበበ። ሪድላይን የመስመር ማብቂያ ባያገኝም ያለውን ይመልሳል። ቀጥሎ «ካም» ከመስመር ማብቂያው ጋር መጣ። ከሁለቱ ቁራጮች በአንዱም «አልተሳካም» የሚል ቃል የለም። አንተ ፋይሉን ስትከፍት ግን መስመሩ ሙሉ ሆኖ ታየዋለህ።

በመስመር ማብቂያ ያላለቀ ነገር አታስተናግድ። ባፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ አቆየውና ከሚቀጥለው ጋር ቀጥለው። ባፈሩ ለየፋይሉ የየራሱ ይሁን፤ የጋራ ካደረግኸው የአንዱን ፋይል ጅራት ከሌላው ራስ ጋር ትሰፋለህ።

ፋይሉንም በባይት ሁነታ ክፈተው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ ሦስት ባይት ነው፤ ንባብህ ሁለተኛው ላይ ካበቃ ፊደሉ ይሰበራል። የመስመር ማብቂያዋ ባይት ግን በየትኛውም ባለብዙ ባይት ፊደል ውስጥ አትገኝም። መጀመሪያ በባይት መስመሩን ለይ፣ ከዚያ ሙሉውን መስመር ዲኮድ አድርግ፣ ማለትም ወደ ፊደል ቀይር።

ተረኛዋ፦ በባይት ሲከፈት የደረስኩበትን ቦታ መመዝገብም የሚቀል መሰለኝ። በጽሑፍ ሁነታ በፎር ሉፕ እያነበብኩ ቦታውን የሚነግረውን ቴልን ስጠራ ስህተት ይሰጠኛል።

ሎግ ጠባቂ፦ ልክ ነሽ። ፎር ሉፕ ቀድሞ ስለሚያነብ ፓይተን በጽሑፍ ሁነታ ቴልን ይከለክላል። በባይት ከሆነ ራስሽ ቁጠሪው፤ ሙሉ መስመር በጨረስሽ ቁጥር ርዝመቱን ደምሪ። የምትመዘግቢው የመጨረሻው ሙሉ መስመር ያበቃበትን ቦታ ይሁን፤ ባፈር ውስጥ ያለው ግማሽ መስመር ስክሪፕቱ ሲዘጋ ይጠፋልና። ከቦታው ጋር ዲቫይሱን፣ አይኖዱንና የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አሻራ (ከባይቶቹ የተሰላ መለያ) አስቀምጪ። መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፈሽ ኤፍሲንክ አድርጊ (ዲስክ ላይ እንዲሰፍር የሚያስገድድ ጥሪ ነው)፣ ከዚያ በትክክለኛው ስም ተኪው። በላዩ ላይ ከጻፍሽ ማሽኑ መሃል ላይ ቢጠፋ ባዶ መዝገብ ይቀርሻል። ምዝገባው ማንቂያው ከተላከ በኋላ ይሁን፤ ማንቂያ ጭራሽ ከሚቀር ሁለት ጊዜ ቢመጣ ይሻላል።

ፈጣኑ፦ ይህን ሁሉ ከመድከም ሎግ ሰብስበው የሚልኩትን ፋይልቢት ወይም ፍሉዌንት ቢት መጫን አይቀልም?

ፐርለኛው፦ ለ40 ፋይል? አጭር የፐርል ስክሪፕት ይበቃል።

ፈጣኑ፦ ዛሬ ፐርል ማን ያነባል?

ፐርለኛው፦ እኔ። አንተ የጻፍከውን ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚያነበው እናያለን።

ሎግ ጠባቂ፦ የቋንቋ ክርክሩን ሌላ ቦታ። ሎጉ ወደ ሌላ ማሽን የሚላክ ከሆነ ፋይልቢትን ተጠቀሙ፣ አልቃወምም። እሱም ግን የሚይዘው ይህንኑ ቦታና የፋይል መለያ ነው፤ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ የሚገባው ይህን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጀማሪው፦ አሁን ይዤ መጥቻለሁ። ሊኑክስ፣ 6 ፋይል፣ ሎግሮቴት በኮፒትራንኬት። ከሮቴት በኋላ ዝም ይላል፣ አይኖዱ ግን አልተቀየረም። አረጋግጫለሁ።

ሎግ ጠባቂ፦ ጎበዝ፣ ማረጋገጥህ ብዙ ነገር አሳጠረልን። ኮፒትራንኬት ስም አይቀይርም፤ ፋይሉን ይገለብጥና ዋናውን ወደ ዜሮ ያሳጥረዋል። አንተ 48210ኛው ባይት ላይ ቆመሃል፣ ፋይሉ አሁን 300 ባይት ነው እንበል። ከመጨረሻው አልፈህ ስለቆምክ የሚነበብ ነገር የለም። መጠኑ ካለህበት ቦታ ካነሰ ወደ ዜሮ ተመለስ።

ይህም ቀዳዳ አለው። ቼክ ሳታደርግ ፋይሉ ተመልሶ ከ48210 ካለፈ ማሳጠሩን አታውቅም፤ መሃል ላይ ትገባለህ። የመጀመሪያ ባይቶች አሻራ ያልኩት ለዚህ ነው። የሚጽፈው ፕሮግራም ፋይሉን በአፔንድ (ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ በሚጽፍ ሁነታ) ካልከፈተው ደግሞ ይብሳል። ካሳጠሩትም በኋላ ድሮ በነበረበት ቦታ መጻፉን ይቀጥላል፣ ከዚያ ቦታ በፊት ያለው ሁሉ ዜሮ ባይት ይሆናል፣ መጠኑም ያልተቀነሰ ይመስላል። በመገልበጡና በማሳጠሩ መሃል የተጻፈ መስመር ከቅጂውም ከዋናውም ይጠፋል፤ ቀድመህ ካላነበብከው የለም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ዳግም መክፈት ከቻለ ኮፒትራንኬትን ተወውና ስም ቀይሮ አዲስ ፋይል የሚፈጥረውን ክሪኤትን ተጠቀም።

ዝምተኛው፦ ዊንዶውስ ላይስ?

ሎግ ጠባቂ፦ ዊንዶውስ የእኔ ሜዳ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፋይሉን ስትከፍት መሰረዝንና ስም መቀየርን የሚፈቅደውን የማጋራት አማራጭ ስጥ። ያለዚያ ስክሪፕትህ ሮቴቱን ራሱን ያግደዋል።

ዝምተኛው፦ ውጤቱን በግራፍ ለማሳየትስ የትኛው ይሻላል?

ሎግ ጠባቂ፦ የወደድከው።

አዲስ ገቢ፦ ሌላ ጥያቄ። መስመሮቹ ቆይተው በጅምላ ነው የሚመጡት።

ሎግ ጠባቂ፦ የፋይሉን መጠን ተመልከት። ራሱ ቆይቶ በ4096 ባይት የሚዘል ከሆነ ባፈር የሚያደርገው ጸሐፊው ፕሮግራም ነው፤ አንባቢውን አትንካ። በመሃል በፓይፕ ያስገባኸው ግሬፕ (ቃል ፈላጊው ትእዛዝ) ካለም ላይን በፈርድ የሚለውን አማራጭ ስጠው።

ተረኛዋ፦ የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ ዲስኩ ሞልቷል ይላል፣ የፋይሎችን መጠን በሚደምረው በዲዩ ስደምረው ግን ግማሹም አይሞላ።

ሎግ ጠባቂ፦ የተሰረዘ ግን አሁንም ክፍት የሆነ ፋይል አለ። ፋይሉን የያዘው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። ክፍት ፋይሎችን በሚዘረዝረው በኤልኤስኦኤፍ ፈልጊው፤ ምናልባት የያዘው ያንቺው ስክሪፕት ነው። ለዚህ ነው አሮጌውን ታግሠሽ ካነበብሽ በኋላ ዝጊው ያልኩሽ።

ጠርጣሪው፦ ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ መስመር እንዳልጠፋ በምን አውቃለሁ?

ሎግ ጠባቂ፦ ቁጥር የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም አዘጋጅ። በየፋይሉ ከ1 እስከ 100000 ይጻፍ፤ አንዳንዱን መስመር ሆን ብሎ በሁለት ከፍሎ ይጻፈው። እየጻፈ ሳለ ሎግሮቴትን በግዳጅ ደጋግመህ አስኪደው። ስክሪፕትህንም መሃል ላይ በኪል 9 (ያለ ማስጠንቀቂያ በሚያቆመው ትእዛዝ) ግደለውና አስነሳው። መጨረሻ ላይ የደረሱትን ቁጥሮች አስተያይ። የተደጋገመ ቁጥር ከግድያው በኋላ ብቻ ከታየ ችግር የለውም። የጎደሉት ሮቴት በተደረገበት ሰከንድ ዙሪያ ከተሰበሰቡ አሮጌውን ቀድመህ ዘግተኸዋል። እዚህም እዚያም ከተበታተኑ ግማሽ መስመር እየጣልክ ነው። ጉድለቱ ከግድያው በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቦታውን የመዘገብከው ከሥራው በፊት ነው።