«ሰመመን የሚሰጣት ዶክተር አይደለም» ተባልን

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የቆየ እንቅርት አለባት። አሁን አድጎ አንገቷን ሞልቶታል። እዚሁ ድሬ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ሰመመን የሚሰጣት ግን ሐኪም ሳይሆን አንስቴቲስት ነው አሉን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ያለ ስፔሻሊስት እንዳትነኳት፣ አዲስ አበባ ውሰዷት» እያለ ቤቱን አመሰው። እማዬ ደግሞ ጎረቤቶቿ ከማይጠይቋት ቦታ አልሄድም ብላለች። ማንን እንስማ?
ከለገሀሬ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ነርስ ነበርኩ፤ በኋላ ተምሬ ነው አንስቴቲስት የሆንኩት። ለወገኔ ላደላ እችላለሁና ይህን ይዘሽ አንብቢኝ።

ወንድምሽ ስለ እናቱ ነው የተጨነቀው፤ አልፈርድበትም። ግን እሱ ያለበት አገርም ነገሩ እንዲህ የተቆረጠ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሰመመን የሚሰጡ ሐኪሞችም ነርሶችም አሉ። ብዙ ቦታ አብረው ይሠራሉ፤ ገጠር ባሉ ትንንሽ ሆስፒታሎች ግን ብዙ ጊዜ ያለችው ነርሷ ብቻ ናት። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድን ነርሷን ሐኪም እንዲቆጣጠራት ይጠይቃል። በፈረንጆች 2001 ግን የግዛት ገዥዎች ከፈለጉ ከዚህ ግዴታ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው፤ አዮዋ ቀደመች። የሐኪሞቹና የነርሶቹ ማኅበራት እስከ ዛሬ ይነታረኩበታል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ እዚያ ትምህርቱን የሚጀምሩት ነርሶች የሚመረቁት በዶክትሬት ነው። እንግዲህ «ዶክተር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እዚያም ብዙ አያስኬድም።

እኛ አገር አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት አንስቴቲስቶች ናቸው። የድሮዎቹ እንደ እኔ ከነርስነት የመጡ ናቸው፤ የአሁኖቹ ከመጀመሪያው ሙያውን በዲግሪ ይማሩታል። አንስቴዥዮሎጂስት የሚባለው ሕክምና ጨርሶ በሰመመን ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ልዩነት የለንም ብዬ አልዋሽሽም። ልቡ የታመመ ወይም በሽታ የተደራረበበት ሰው ሲመጣ የሐኪሙ እውቀት ይፈለጋል። ለተራ የሆድ ቡአ ግን፣ አቦ፣ ልምድ ያለው አንስቴቲስት እያለ አዲስ አበባ ድረስ አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልግም።

የእናትሽ ጉዳይ መሃል ላይ ነው። ሙሉ ሰመመን ሲሰጣቸው መተንፈሻ ቱቦ በጉሮሯቸው ይገባል። ትልቅ እንቅርት ደግሞ የአየር ቧንቧውን ገፍቶ ሊያጣምመው ወይም ሊያጠበው ይችላል። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እናትሽን ነው። ሌሊት በጀርባቸው ይተኛሉ ወይስ ትራስ ደራርበው? ሲጋደሙ ያፍናቸዋል? ሲተነፍሱ ያፏጫል? ድምፃቸው ጎርንኗል? አንዱም ካለ ለቀዶ ሐኪሙም ለአንስቴቲስቱም ዛሬውኑ ንገሩ። አንገታቸው በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይታይ፤ አንስቴዥዮሎጂስት ያለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍላቸውም ጠይቁ። አዲስ አበባን ከማሰባችሁ በፊት ሐረር ሕይወት ፋናን ጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ትደርሳላችሁ፤ ጎረቤትም መጥቶ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለ፣ የእንቅርት ሆርሞናቸውም ተመርምሮ ልክ ከሆነ፣ እኔ እዚሁ ይሁኑ ባይ ነኝ። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ሳለ ግን ማንም ቢሆን ቢላዋ እንዳያነሳ፤ መጀመሪያ በመድኃኒት ይስተካከል።

አንስቴቲስቱ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያነጋግራቸዋል። «ቱቦው ቢያስቸግርህ ምን አዘጋጅተሃል? ማንን ትጠራለህ?» በሉት። ደህና ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ከሆነ እኔም እጠራጠረዋለሁ። ከማደንዘዝ እስከ ማንቃት ከአጠገባቸው እንደማይለይም አረጋግጡ።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ አትደብቁ። የድሬ እናቶች «ለምርቃና ሳይሆን ለወገቤ ነው» ይላሉ፤ እኛ ግን የምንፈራው ለልባቸው ነው። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ምግብን በተመለከተ የተነገራችሁን ሰዓት ጠብቁ። «ትንሽ ሻይ በዳቦ ምን ታደርጋለች» የሚል ዘመድ ካለ ከክፍሉ አስወጡት፤ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ሌሊት አስታማሚ የምትሆኚው አንቺ ከሆንሽ አንገታቸውን በብርሃን እያየሽ እደሪ። ከፋሻው ሥር ካበጠ፣ ከጠበባቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ተረኛዋን ነርስ ወዲያው ቀስቅሺ፤ ጠዋት ሐኪም ሲዞር እነግራለሁ አትበዪ።