የሩስፖሊ ሶሪት ምን ይበላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከአሬሮ እስከ ነገሌና ገናሌ ባሉት የደቡብ ኢትዮጵያ ደኖች እንጂ በሌላ አገር ስለማይገኘው የሩስፖሊ ሶሪት የተባለ ወፍ ከደረሱን ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ።

ይህ ወፍ እንዴት ሳይጠና ቆየ?

የመጀመሪያውን ናሙና የያዘው ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ናሙናው ከየት እንደተገኘ የሚገልጽ ማስታወሻ አልነበረውም። ጣሊያናዊው የወፍ ተመራማሪ ሳልቫዶሪ በ1896 ስም ቢያወጣለትም፣ ወፉ በደኑ ውስጥ ዳግም የተገኘው በ1940ዎቹ ነው።

ፍሬ ብቻ ነው የሚበላው?

ዋናው ምግቡ ፍሬ ነው፦ ሾላና የሾላ ዘመዶች፣ ጽድ፣ ዝግባ። የሶሪት ወገኖች በዚህ ላይ ቅጠል፣ እምቡጥ፣ አበባና አልፎ አልፎም ነፍሳት ይጨምራሉ። ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር የጽድና የዝግባ ወንዴና ሴቴ ዛፎች ለየብቻ መሆናቸውን ነው። ደኑ በጽድ ቢሞላም ወፉን የሚመግቡት ሴቴዎቹ ብቻ ናቸው፤ ያፈሩ ትልልቅ ሴቴ ዛፎች ተመርጠው ከተቆረጡ ደኑ ከሩቅ ሙሉ መስሎ ወፉ ግን ይራባል። ስለዚህ ወፉን ከመፈለግ በፊት ፍሬ የበሰለበትን ዛፍ መፈለግ ይቀድማል። የጽድ ፍሬ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ገና አረንጓዴ ከሆነ ሌላ ዛፍ ይሞክሩ።

ሲመገብ ከተራው ሶሪት በምን እለየዋለሁ?

በራሱ። የሩስፖሊ ቁንጮ ነጣ ያለ ነው። ተራው ሶሪት ቁንጮው ጠቆር ብሎ ከዓይኑ ፊት ነጭ ነጥብ፣ ከዓይኑ በታች ደግሞ ወደ አንገቱ የሚወርድ ነጭ መስመር አለው። የክንፉ ቀይ ቀለም አይለይም፣ የሁለቱም ቀይ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ስለሚዳቀሉ፣ መልኩ የተቀላቀለ ወፍ ካዩ በግድ ከአንዱ ጋር አይመድቡት፤ «ድቅል ሊሆን ይችላል» ብለው ይጻፉ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚበላውን መመዝገብ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

በማየት ይጀምሩ፤ ማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ይመረጣል። ወፉ አራተኛ ጣቱን ወደፊትም ወደኋላም ማዞር ስለሚችል በቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ ይሄድና ቀጭኑ ጫፍ ላይ አንገቱን ዘርግቶ ፍሬውን ቀጥፎ ሙሉውን ይውጣል። «በላ» ብለው የሚጽፉት መዋጡን ሲያዩ ብቻ ይሁን። ዝግባ ላይ መቀመጡ ዝግባ መብላቱን አያሳይም፤ ለማረፍም ለመሸሸግም ይወጣበታል። ሌላው ስሕተት መንገድ ዳር ባለ ግልጥ ዛፍ ሥር ብቻ መቀመጥ ነው፤ ያኔ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ወፉ ሳይሆን ስለ እርስዎ መቀመጫ ይሆናል።

ከዚያ ኩስ ይሰብስቡ። በሚመገብበት ዛፍ ሥር ሸራ አንጥፈው የእያንዳንዱን ጠብታ በየወረቀት ከረጢቱ ያኑሩ፤ ቀን፣ ሰዓትና የዛፉን ዓይነት ይጻፉበት። በፕላስቲክ ከያዙት ይሻግታል። በውኃ ዘፍዝፈው በወንፊት ሲያጥቡት ከሥሩ ሳሳ ያለ ጨርቅ ያድርጉ፤ የሾላ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በወንፊቱ ያልፍና ወፉ ጽድ ብቻ የበላ ያስመስላል። ዘሩን ለይቶ ለማወቅ ከዚያው ደን ከየዛፉ የበሰለ ፍሬ ለቅመው፣ ዘሩን አድርቀው አስቀድመው ማመሳከሪያ ያዘጋጁ። ለስላሳ ትል በኩስ ውስጥ ምልክት አይተውምና ኩስ ብቻውን አይበቃም።

የክንፉ ቀይ ቀለም በዝናብ ይለቃል ይባላል፤ እውነት ነው?

ተራ ዝናብ አያስለቅቀውም። ቀለሙ መዳብ ያለበት ሲሆን የሚሟሟው በሳሙና ዓይነት አልካላይን ውኃ ነው። መዳቡን ወፉ የሚያገኘው ከምግቡ ነው።

ማሳዬ ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ጥላው እህሉን ስለጎዳው ልቁረጠው?

እባክዎ አይቁረጡት። የሾላ ዛፎች ሁሉ ባንድ ወቅት ስለማያፈሩ፣ የጫካው ፍሬ ባለቀበት ጊዜ ወፉን የሚያቆየው ያ አንድ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ጥላው ከበዛ ወደ እህሉ የተዘረጉትን የታች ቅርንጫፎች ብቻ ያሳጥሩ፤ ፍሬ በያዘ ጊዜ ግን አይንኩት።